ነጭ ለባሽን የማይገድል ጭስ

ከዛሬ ብዙም የማይርቅ፣ ይኸውና ብለው ግን በጣት የማይጠቁሙት አንድ ዘመን ነበር አሉ። በዚያ ዘመን፣ ሁለት ወንዞች አቅፈው በያዙት ቆላ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በብርቱካን የሚተዳደርበት አገር ነበር። የአገሩን ስም አልናገርም። ብናገር «እሱንማ እናውቀዋለን» ትላላችሁ፤ እናውቀዋለን ያለ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው አይሰማም።

በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ብርቱካን ይተከልለታል፤ እትብቱም የሚቀበረው ከችግኙ ሥር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውና ዛፉ በሕግ አንድ ናቸው። ዛፉ ሲያፈራ ሰውየው ያገባል፤ ዛፉ ጥላ ሲጥል ሰውየው ሸንጎ ይቀመጣል። ዛፉ ከደረቀ ግን ሰውየውም «ደረቅ» ይባላል። ደረቅ የተባለ ሰው መብላት መጠጣቱን፣ መውጣት መግባቱን ማንም አይከለክለውም። የሚከለከለው መሰማት ነው። ደረቅ ሰው አፉን በከፈተ ጊዜ አጠገቡ ያለ ሁሉ «ነፋስ ነው» ማለት አለበት፤ እናቱም ብትሆን፣ ሚስቱም ብትሆን። የደረቅን ቃል ሰምቶ መልስ የሰጠ፣ ከገዛ ዛፉ ላይ ቅርንጫፍ ይገነጠልበታል። ዛፉ እስከ ሥሩ ሞቶ በክረምቱ ዝናብ ካላቆጠቆጠ ደግሞ ሰውየውን ወንዝ ያሻግሩታል። ወንዝ የተሻገረ ሰው ተመልሶ አያውቅም።

በሸንጎ ላይ «ነፋስ ነው» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚያሰማው የጭስ አዛዡ ነበር። ጭስ የነፋስ ዘመድ ስለሆነ ነፋስን ለይቶ የሚያውቀው እሱ ነው ብለው የጥንት ነገሥታት ደንግገዋል። በነገሬ ዘመን የጭስ አዛዥ የነበረው ጓንጉል የሚባል ሰው ነው።

ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ፍርዳችሁን ላቃልለት ብዬ አይደለም፤ መፍረዱን ፍረዱበት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ይህን ያህል አያሳዝንም ነበር። ሚስቱ በወጣትነቷ ሞታበት አንዲት ልጁን ስንዱን ለብቻው ያሳደገ፣ ጠጉሯን ሳይቀር በገዛ እጁ ይጎነጉንላት የነበረ አባት ነው። ሹመቱም ብዙ የሚያደክም አልነበረም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዛፎቹ ሊያብቡ ሲሉ፣ የትንባሆ ግንድና የደረቀ በርበሬ በገል ላይ አጭሶ በንጉሥ ስም ዛፎቹን ያጥናል። ጭሱ የንጉሥ ሰላምታ ነው ይባላል። የደረቅ ሰው ዛፍ ግን አይታጠንም፤ ንጉሥ ለነፋስ ሰላምታ አይሰጥማ።

ስንዱ አድጋ ዛፏ ጥላ ሲጥል ሸንጎ ተቀመጠች። የታችኛው መንደር ሰዎች የላይኞቹ ውኃውን በጠለፉባቸው ቁጥር ቆማ የምትሟገትላቸው እሷ ነበረች። ስትናገር አትጮህም፤ ግን አንዴ ከያዘች አትለቅም። ጓንጉል ልጁ በቆመች ጊዜ ጺሙን እያሻሸ ወደ መሬት ያያል። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት ነበር።

ነጭ ለባሽ የመጣው በሠርግ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ንጉሥ ልጁን ለዚህኛው ንጉሥ ልጅ ሲድር፣ ከስጦታው ጋር አንድ የብርቱካን ችግኝ ላከ። የችግኙ ቅጠል ከሥር በኩል ባዘቶ የተለጠፈበት ይመስል ነጭ ነበር። ባዘቶውን ገለጥ ሲያደርጉት ከዐይን የሚያመልጡ ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ይመጥጡታል። አንዳንድ ገበሬ ፊቱን አጨማደደ። መማክርቱ ግን ሕግ ጠቀሱ፦ በዚህ አገር ነጭ ለብሶ የመጣ እንግዳ ነው፣ እንግዳ አይነካም። ስለዚህ ነፍሳቱ በክብር «ነጭ ለባሽ» ተባሉ፤ ችግኙም በቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ በንጉሡ ዛፍ ጎን ተተከለ። የንጉሡ ዛፍ እንደ ሌላው ሰው ብርቱካን ሳይሆን ትርንጎ ነበር፤ ሸንጎውም የሚቀመጠው ከሱ ጥላ ሥር ነው።

ትንሽ ሰንበት ብሎ ከቅጠሉ ላይ ወለላ ይንጠባጠብ ጀመር። ንጉሡ በጣቱ ጠንቁሎ ቀመሰ፤ ጣፋጭ ነው። ንጉሡ ከቀመሰ በኋላ መኳንንቱ ተራ በተራ ቀመሱ፤ ያልጣፈጠው አንድም አልተገኘም። ጉንዳኑም ሸተተው። በዚያ አገር ጉንዳን የንጉሥ ጭፍራ ነው፤ ጉንዳን የረገጠ ሰው ወታደር እንደመታ ይቆጠራል። ጭፍራው ግንዱን ይዞ በሰልፍ ወጣ፤ ወለላውን ከነጭ ለባሽ ጀርባ እየላሰ ዙሪያውን ዘብ ቆመለት። ነጭ ለባሽን ሊበላ የመጣ ጥንዚዛ ሁሉ በጉንዳን ተነክሶ ይወድቃል። መማክርቱ ይህን አይተው፣ ጭፍራችን ሳይታዘዝ እንግዳውን አጅቦ ቆመ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል አሉ።

እንግዳው ከንጉሡ ግቢ ወጥቶ ወደ መኳንንቱ ዛፎች ተዛመተ፤ ከመኳንንቱም ወደ ሕዝቡ ወረደ። ወለላው የነካው ቅጠል ውሎ አድሮ ጥላሸት የተቀባ መስሎ ጠቆረ። የጠቆረ ቅጠል ፀሐይ አያገኝም፤ ፍሬው ሳያድግ ጨነጎሌ ሆኖ ቀረ፣ ጫፉ ይደርቅ ጀመር። በላይኛውም በታችኛውም መንደር ያልተጠበቁ ሰዎች ደረቅ ተባሉ። ሕዝቡ ምን ዓይነት ጉድ ነው አለ። መማክርቱ ዶለቱ። እንግዳው ሊሆን አይችልም፤ እንግዳ አይነካምና አይጠረጠርም። ስለዚህ በዛፎቹ መካከል የተደበቀ ሌላ ጠላት አለ ብለው ቆረጡ። ጠላቱም እስኪያልቅ ጭሱ በዓመት መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ እንዲሆን ታወጀ።

ጓንጉል ያን ጊዜ ነው ሰው ሆነ የተባለው። ከየዛፉ ሥር ነጭ ጨርቅ ያስነጥፋል፣ ያጨሳል፣ ከጨርቁ ላይ የረገፈውን ሰብስቦ በሸንጎ ፊት ለንጉሡ ያሳያል። ይህ «ምርኮ» ይባል ነበር። ምርኮው በርከት ባለ ቁጥር ንጉሡ ደስ ይለዋል፤ ደስ ባለው ቁጥር ጓንጉልን ያመሰግናል። በመጨረሻም ካባ አለበሰው። ቅጠል ላይ ያለውን ጥላሸት እንኳ የጭሱ ማኅተም ነው ብለው አረፉ፤ ዛፉ ሲጠቁር ባለቤቱ ለንጉሡ ያለውን ታማኝነት ያሳያል ተባለ። ቅጠሉን በውኃ ያጠበ ተቀጣ።

ግን ዛፎቹ አልዳኑም። የስንዱም ዛፍ ጫፉ ይመለጥ ጀመር። ጓንጉል ይህን ሲያይ ቀን ጨለመበት። አባት ነውና የሚያውቀውን አደረገ፤ የሚያውቀው ጭስ ብቻ ነበር። የልጁን ዛፍ ከሌላው ሁለት እጥፍ አጠነላት። ሁለት እጥፍ ባጠነ ቁጥር ባዘቶው እየወፈረ፣ ቅርንጫፉ እየተራቆተ ሄደ።

አንድ ረፋድ ላይ የትንባሆ ግንድ ሊያስጭን ወደ ታችኛው መንደር ወርዶ ሳለ በአንጓች ደጅ አለፈ። አንጓች ዱሮ የውኃ ዳኛ የነበረች ትልቅ ሴትዮ ናት። ነጭ ለባሽ ከተዛመተ ወዲህ ዛፏ ከሁሉ በፊት የደረቀባት እሷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ቃሏን የሰማ ሰው የለም። ጓንጉል እንዳላየ ሊያልፍ ሲል ዐይኑ አጥሩ ላይ ቀረ። ደርቋል የተባለው ዛፍ ከግንዱ አቆጥቁጦ፣ ቅጠሉ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል አረንጓዴ ሆኗል። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ አጥሩን ተሻግሮ ገባ፣ ምን እንዳደረገችውም ጠየቃት።

«እኔ ነፋስ ነኝ» አለች አንጓች ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «አንተ ጓንጉል፣ ነፋስ ይጠየቃል እንዴ?»

ጓንጉል አፈረ። ማፈሩን አይታ መሰለኝ፣ ምንም አላደረግሁትም፣ ከደረቀ ወዲህ የነካው ሰው የለም፣ እኔም እንደ አንተው እየገረመኝ ነው ብላ መለሰችለት። ጓንጉል ቅጠሉን ገልብጦ ተመለከተ። ነጭ ለባሽ እዚያም ነበረ፤ ግን ባዘቶው ደርቆ ተቀርፏል፣ ከሥሩ ያሉት ነፍሳት ቅርፊታቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። በቀዳዳዎቹ መካከል ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ተርብ ትመላለሳለች። አንዷ ነጭ ለባሹ ጀርባ ላይ ቆማ ጅራቷን ስትተክል አያት። ትንሽ ራቅ ብላ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ባዘቶውን ገልጣ ትበላለች።

ጓንጉል እነዚህን ነፍሳት ያውቃቸዋል። ዕድሜ ለጭሱ፣ በጨርቅ ሙሉ አፍሶ ለንጉሥ ያሳየው እነሱን ነበር። ምርኮው ሁሉ ጥቁር ተርብና ቀይ ጥንዚዛ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጨርቅ ላይ አንድም ነጭ ለባሽ ወድቆ አያውቅም። ጭሱ ባዘቶ ለብሶ የተጣበቀውን አያገኘውም። የሚያገኘው ያልለበሰውን፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚሠራውን ነው። የአንጓች ዛፍ የዳነው ንጉሥ ሰላምታ ስለነፈገው ነበር። ጓንጉል ቅጠሉን እንደያዘ አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆየ።

በሳምንቱ ለመማክርቱ ነገሩን አቀረበ። በግልጽ አላቀረበም፤ እንደሚፈራ ሰው ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው። ምርኮው ውስጥ ነጭ ለባሽ እንዳላየ፣ ምናልባት የረገፉት ጠላቶች ባይሆኑስ ብሎ እንዳሰበ ተናገረ። ከመማክርቱ ትልቁ ፈገግ አለና፣ ጓንጉል ሆይ ከጨርቅ ላይ የተገኘ ሁሉ ጠላት ነው፣ ጠላት ባይሆን ጨርቁ ላይ ምን አገባው አለው። ሁሉም ትክክል ነው አሉ። ንጉሡም ጓንጉል ደክሞታል፣ ረዳት ይሰጠው አለ። ጓንጉል ቃሉን ዋጠ፤ ካባውን ሰብስቦ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ለስንዱ ያየውን አንድ ሳያስቀር ነገራት። ዛፏን ከጭሱ የማዳኛው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሳይደርቅ ደረቀ ማስባል። የደረቅ ዛፍ አይታጠንም፣ ካልታጠነ ተርቦቹ ይደርሱለታል፣ ሥሩ ከተረፈ ደግሞ ወንዝ አያሻግሯትም። ስንዱ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ያየኸውን በሸንጎ ተናገር፣ አባባ» አለችው። «ዙሪያውን አትሂድ። እኔም አጠገብህ ቆሜ እናገራለሁ። የሁላችንም ዛፍ እንጂ የኔ ብቻ ነው እንዴ?»

«ይገነጥሉኛል፣ ልጄ።»

«እኔን ደረቅ ከምታስብለኝ አብረን ብንገነጠል አይሻልም?»

ጓንጉል ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ስንዱ ቢያንስ የታችኛው መንደር የውኃ ክርክር እስኪያልቅ ታገሰኝ ብላ ለመነችው። እሱም እሺ አላት። እሺ ሲላት ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ የሚታየው ልጁ ወንዙን ስትሻገር ብቻ ነው። ፍርሃት ከፍቅር ጋር ሲቀላቀል ሰው የትኛው እንደሚናገርበት አያውቅም። ጓንጉልም ፍቅር ነው ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጥላዬ የሚባለውን ሰው ይዞ መጣ። ጥላዬ የአገሩ ቅርፊት ፋቂ ነው። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ በቀንድ ሰገባ ከትቶ የሚዞር፣ በዚያ ጥፍር ቅርፊት ፍቆ ከሥሩ አረንጓዴ ካገኘ «ዳነ»፣ ቡናማ ካገኘ «ደረቀ» የሚል ሹም ነበር። ዐይኑ ስለደከመ የሚፍቀውን ቦታ ሰው ያሳየዋል። ጓንጉል የሞተውን ቅርንጫፍ አሳየው። ጥላዬ ጥፍሩን ከሰገባው አውጥቶ ፋቀ፣ አየ፣ «ደረቀ» አለ። ለጓንጉልም ኀዘኔታውን ገልጾ ጥፍሩን ከተተ።

ሸንጎው በተቀመጠ ቀን ስንዱ እንደ ወትሮዋ ስለ ውኃው ልትናገር ተነሣች። የታችኛው መንደር ሰዎች ወደፊት ተጠጉ። ገና የመጀመሪያውን ቃል ሳትጨርስ ጥላዬ ብድግ ብሎ ዛፏ መድረቁን አሰማ። ከዚያ የሸንጎው ዐይን ሁሉ ወደ ጭስ አዛዡ ዞረ። ስንዱም ዞረች። አባቷን ስታየው ገና አልገባትም ነበር፤ ቀስ እያለ ሲገባት ግን ጓንጉል ከፊቷ ላይ አነበበው።

«ነፋስ ነው» አለ ጓንጉል።

ሸንጎው ተቀብሎ «ነፋስ ነው» አለ። የውኃው ክርክር ተከራካሪ ስለሌለው በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስንዱ ዝም አላለችም። ሌሎች ደረቆች በጊዜ ብዛት መናገር ይተዋሉ፤ የሚመልስ በሌለበት ቃል ማውጣት ያደክማል። እሷ ግን ከአባቷ ጋር ለራት በተቀመጠች ቁጥር የዋለችበትን ትነግረዋለች። ዛፏ ላይ ስንት አዲስ ቡቃያ እንደወጣ፣ ተርቦቹ ከአንጓች ዛፍ ወደሷ እንዴት እንደተሻገሩ፣ የታችኛው መንደር ሴቶች ውኃ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚወርዱ ትነግረዋለች። ጓንጉል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጉርሻውን ያላምጣል። በበሩ ሥር የንጉሥ ጭፍራ የሆነው ጉንዳን ይመላለሳል፤ ቤት ውስጥ የተነገረ ነገር በምን እንደሚወጣ አይታወቅም። አንዳንዴ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ስታወራ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ግድግዳ ይዞራል። እሷ ሁሉንም ታያለች።

ዛፏ አገገመ። ቡቃያው ቅርንጫፍ ሆነ፤ ቅርንጫፉም አብቦ ፍሬ ያዘ። ነገር ግን ሕጉ ሰው ሲደርቅ እንጂ ሲለመልም ምን እንደሚባል አያውቅም፤ ዛፏ ፍሬ ቢሸከምም እሷ ደረቅ ነች። ሰው ግን ዐይን አለው። አንድ ሁለት ሰዎች ወደ ጥላዬ ሄደው የሞተ ቅርንጫፋቸውን አሳዩ። ከዚያ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተከተለ። የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ዛፍ ለማዳን ቃላቸውን እየሰጡ ደረቅ ሆኑ። በክረምቱ መጨረሻ የታችኛው መንደር በሙሉ አረንጓዴና በሙሉ ነፋስ ነበር። የላይኛው መንደር ግን በየሳምንቱ እየታጠነ እንደ ምድጃ ግንባር ጠቆረ።

ንጉሡ ከሰገነቱ ሆኖ ይህን አየ። መማክርቱን ጠይቆም ማብራሪያ አገኘ፦ ደረቆቹ የለመለሙት ከላይ የወረደው ጭስ ሳይታወቅ ደርሷቸው ነው፤ በሩቁ ይህን ያህል የጠቀመ በቅርቡ ቢሆንማ ምን ያህል በጠቀመ ነበር። ስለዚህ ምሕረት ይታወጅላቸው ተባለ። የደረቁ ዛፎች ሁሉ ይታጠኑ፤ ዛፉ የታጠነለት ደረቅ ቃሉ ይመለስለታል። ጓንጉል አዋጁን ሲሰማ ምን እንደሚያጣ ወዲያው ገባው። ያ ጭስ ታችኛው መንደር ከገባ በአገሩ አንዲት ተርብ አትተርፍም፤ ተርቦቹ ካለቁ ደግሞ ልጁን ወንዝ ከመሻገር የሚያስጥላት የለም። ቃሏን ይመልሱላታል፤ ተናግራ ሳትጨርስ ያሻግሯታል።

ምሕረቱ በሚፈጸምበት ቀን አገሩ በሙሉ ከንጉሡ ትርንጎ ሥር ተሰበሰበ። ደረቆቹም ተጠርተው መጡ፤ አንጓችም በሰው ተደግፋ መጣች። ከመካከላቸው የሚያለቅሱ ነበሩ። አትፍረዱባቸው። ስንት ጊዜ ሙሉ ልጃቸውን ጠርተው ነፋስ የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሰው «አቤት» እንዲላቸው ዛፋቸውን ቀርቶ ሌላም ይሰጣሉ። ጓንጉል ካባውን ለብሶ፣ የሚጤስበት ገል ከፊቱ ተቀምጦ፣ ጭራሮው በእጁ ነበር።

«ዛሬ ምሕረት አድርገንላችኋል» አለ ንጉሡ። «ጓንጉል፣ ለኩስ።»

ስንዱ ከደረቆቹ መካከል ወጣች። አልጮኸችም። እንደ ጥንቱ እጇን አጣምራ ሸንጎው መካከል ቆመች።

«አባባ፣ አትለኩስ» አለች። «የሚረግፉት የኛ ናቸው። አንተ ታውቃለህ።»

ሰው ሁሉ ወደ ጭስ አዛዡ ዞረ። ሹመቱ ነውና ቃሉ ከሱ ይጠበቃል። ጓንጉል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣም። ዐይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚህ በኋላ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ጭራሮውን መሬት ላይ አኖረና ወደ ንጉሡ ትርንጎ ሄደ። ያ ዛፍ ከአገሩ ሁሉ ይበልጥ ወለላ የጠጣ፣ ከሁሉ ይበልጥ የታጠነ ዛፍ ነው። ቅጠል የመሰለው ጥላሸት ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ የሚናገር ግን አልነበረም። ጉንዳኑ እጁን እየነከሰው ጓንጉል ጥፍሩን ግንዱ ላይ ተክሎ ፋቀ። ቡናማ ነው። ዝቅ ብሎ ፋቀ፤ ቡናማ ነው። ተንበርክኮ ከሥሩ ፋቀ፤ ቅርፊቱ እንደ አመድ እጁ ላይ ፈረሰ።

ጥላዬ ሰው ሳይመራው እየዳበሰ መጣ። ጥፍሩን ከሰገባው አውጥቶ እሱም ፋቀ። መልሶ ግን አልከተተውም።

«ለኩስ ብያለሁ» አለ ንጉሡ።

ጓንጉል ከተንበረከከበት ተነሣ። ካባውን አውልቆ ግንዱ ላይ አንጠለጠለው።

«ነፋስ ነው» አለ።

ከኋላ በኩል አንጓች ቃሉን ተቀበለች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ የታችኛው መንደር በሙሉ፣ በመጨረሻም አንገታቸውን እንደደፉ የላይኞቹ። ንጉሡ ሊናገር ሞከረ፣ እንደገናም ሞከረ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ያሳዝን ነበር፤ የሚመልስ በሌለበት መናገር ምን እንደሚመስል ማንም አስቀድሞ አልነገረውም።

ጓንጉል ግን ንጉሡን አላየውም። ወደ ልጁ ሄዶ ፊቷ ቆመ፤ ሊነካት ፈልጎ እጁን መልሶ ሰበሰበ።

«ተናገሪ ልጄ» አላት። «ከእንግዲህ ተናገሪ።»

ስንዱ የተሰበሰበውን እጁን አየች።

«ስናገር ነው የኖርኩት፣ አባባ» አለችው። «የሰማኸው ዛሬ ነው።»

በዚያ ቀን ገሉ ሳይጤስ ቀረ። ሰዎቹ የጉንዳኑን መንገድ በአመድ ዘግተው ተርቦቹን ጠበቁ። የላይኛው መንደር ዛፎች ገሚሶቹ ዳኑ፣ ገሚሶቹ ዘግይቶባቸዋል። ወንዝ የተሻገሩትን የሚመልስ ግን አልተገኘም። ነጭ ለባሽም ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም ከየቅጠሉ ሥር አለ ይላሉ፤ የሚበሳው እስካለ ድረስ ግን አይሰለጥንም። ጓንጉል እስኪሞት ከልጁ ጋር ራት በተቀመጠ ቁጥር ከመብላቱ በፊት እሷ ተናግራ እስክትጨርስ ይጠብቅ ነበር። ስንዱ ይቅር ብላው እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እኔም የሰማሁትን አወረድኩ። ይህ ሁሉ ነፋስ ነው የሚል ካለ፣ ወደ ደጁ ይውጣና የገዛ ዛፉን በጥፍሩ ይፋቅ።